ጉልበትና ፍሬን

ሰፈሩ «ጋሽ ንፋሱ» የሚላቸው መካኒክ ያን ጠዋት አንድ የሰፈራቸው ልብስ ሰፊ እንዲያፈጥኑለት የሰጣቸውን መኪና ለሙከራ ይዘው ወጡ። ጭጋጉ ገና አልተነሳም፤ መንገዱና ዛፎቹ በእንቅልፍ ልብ የሚታዩ ይመስሉ ነበር። መኪናዋ ዳገት ላይ የምታቃስት ተራ የቤት መኪና ነበረች። እሳቸው ግን ሁለት ወር ሞተሯን ጎርጉረው፣ ጉልበት የሚጨምረውን ተርቦ ገጥመው፣ ዳገቱን እንደ ሜዳ የምትበላ አደረጓት። ባለቤቷ ስድስት ሰዓት ላይ ሊረከባት ቀጠሮ ይዟል፤ ከነገ ጀምሮ ሦስት ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በእሷ ነው።

ነዳጅ ማደያው ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ልጅቱ መሐንዲስ ናት፤ እንጀራዋ መኪና መፈተን ነው። ዛሬም ከፋብሪካ ጀምሮ ለፍጥነት ተብላ የተሠራች፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው መኪና ይዛለች።

«እንደምን አደሩ፣ አጎቴ?»

«ደህና፣ የኔ ልጅ። ይህቺ ደግሞ የስንት ቤት ዋጋ ናት?»

«የመሥሪያ ቤት ናት። የኔ ብትሆንማ እርስዎን ሹፌር አድርጌ እቀጥርዎ ነበር።»

ጋሽ ንፋሱ ሳቁ። «እኔ የሷን ሩብ በማይሞላ ገንዘብ ይህቺን አብርሬያታለሁ። ፍጥነት ከፋብሪካ የሚገዛ ሰው ገንዘቡ የበዛበት ነው።»

ልጅቱ ቁጢጥ ብላ በልብስ ሰፊው መኪና ጎማ በኩል ወደ ውስጥ አየች። «ፍሬኗንስ ምን አደረጉት?»

«ምን አጠፋ? ድሮም ይይዛል።»

«የሚይዘው የድሮ ጉልበቷን ነው፣ አጎቴ።»

ደማቸው ፈላ። ሠላሳ ዓመት የሠሩበትን ሙያ በእቅፋቸው ያሳደጓት ልጅ ስታቃልልባቸው ማን ደስ ይለዋል? እኛም ብንሆን እንቆጣ ነበር። እሷ ግን በትሕትና «እባክዎ፣ መኪና የምፈትንበት ሜዳ ድረስ ይከተሉኝ» አለቻቸው፤ እምቢ ማለት አልሆነላቸውም።

ሜዳው ባዶ ነበር። መጀመሪያ በእሷ መኪና ወጡ። ጋሽ ንፋሱ ጩኸትና መንቀጥቀጥ ጠብቀው ነበር፤ የመጣው ግን ጸጥታ ነው። ጭጋጉ በግራና በቀኝ እየተከፈለ ያልፋል፣ መሬቱ ከሥራቸው የራቀ ይመስላል፤ በልጅነታቸው በሕልማቸው ሲበሩ የሚሰማቸው ደስታ ደረታቸውን ሞላው። ፍሬን መያዣውን የሚያሳየው ቀይ ምልክት ጋ ስትደርስ ልጅቱ ፍሬን ያዘች። መኪናዋ ሳትንሸራተት ቀጥ ብላ ቆመች።

«አሁን እርስዎ በዚያችኛዋ፣ በዚሁ ፍጥነት።»

የልብስ ሰፊው መኪና ተፈተለከች። ምልክቱ ጋ ሲደርሱ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጡት። ጎማው ጮኸ፣ የተቃጠለ ሽታ ገባ፣ መኪናዋ ግን መንሸራተቷን ቀጠለች። ስትቆም ወርደው የልጅቱ መኪና ቆማበት ከነበረው ቦታ ያለውን ርቀት በእግራቸው ለኩ፤ አርባ ሁለት እርምጃ። በእያንዳንዱ እርምጃ የልብስ ሰፊው ልጆች ከፊታቸው ድቅን ይሉ ነበር።

«የቤት መኪና ማጠንከር ነውር አይደለም» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «ርካሽ ነው፤ በእጅ የሠሩትን መንዳትም የራሱ ፍቅር አለው። ግን ከፍሬንና ከጎማ ይጀመር። ጉልበቱ ቢጨመር እንኳ ከዚያ ወዲያ ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር ርካሽነቱ ይቀንሳል፤ የኔዋን ውድ ያደረጋትም ሁሉ ነገሯ አንድ ላይ መታሰቡ ነው። ፍጥነት የናፈቀው እንደሷ ያለችውን እዚህ ሜዳ ላይ ይንዳ። ልጅ ለማድረስ ግን የምትታመን መኪና ትበቃለች፤ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ ሞተሯ ይበረክታል፣ እናትም ቤቷ ሆና አትሳቀቅም።»

ጋሽ ንፋሱ ከዚህ በፊት ያፈጠኗቸውን መኪኖች አንድ በአንድ እያስታወሱ ወደ ጋራዣቸው ተመለሱ።

ስድስት ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊው ልጆቹን አስከትሎ፣ ፊቱ በርቶ መጣ።

«እህስ፣ ጋሽ ንፋሱ፣ በረረች?»

«በራለች» አሉ ቁልፉን ኪሳቸው እየከተቱ። «መቆሚያ ግን አልሠራሁላትም። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ፤ ዛሬ ልጆችህን በእግርህ ውሰዳቸው።»