የኩሬው ብልቃጦች ገና ጠረጴዛው ላይ ናቸው

የተከበሩ የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ኡሜሃራ፣ የሙዚየማችን ባልደረቦች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ሥራችሁን ትታችሁ ልትሸኙኝ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሞቺውን፣ ይህን የሚያጣብቅ የሩዝ ኬክ፣ የሠራችው ባልደረባችን ናትሱኮ ናት። እንዳያንቃችሁ ደህና አድርጋችሁ አኝኩት፤ በሽኝቴ ቀን ሰው እንዳይሞትብኝ።

እኔ ብልቃጥ ደርዳሪዋ የተማርኩት እናንተ ከጣላችሁት ወረቀት ነው። መጀመሪያ ሳላማንደርን እንሽላሊት መስሎኝ ከእንሽላሊቶቹ ጋር ደርድሬው ነበር። «ወይዘሮ ኪኑዮ፣ ቆዳውን ይዩት እንጂ፤ የእንቁራሪት ዘመድ ነው» ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር።

ዛሬ ጠዋት የመጨረሻ ሥራዬ ተሰጠኝ። የኩሬውን ሳላማንደሮች ወደ ወንዙ ሳላማንደሮች መደርደሪያ እንዳዛውር ተነገረኝ። አንድ ዝርያ ናቸው ተብሎ ሰኞ ይፈረማል። ከተፈረመ ኩሬው እንደማንኛውም ውሃ ይቆጠራል፤ መንገድ ሠሪዎቹም አፈር ይደፉበታል።

አላዛወርኩም።

አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል።

ዶክተር ቢሯቸው ጠሩኝ። «ምን ነካዎት? እዚህ ቤት አሮጌ የስም ወረቀት አይጣልም። አዲሱ ከፊት ይገባል፣ አሮጌው እዚያው ብልቃጡ ውስጥ ይቀራል። ከተሳሳትን እንመልሰዋለን» አሉኝ።

«ስሙንስ መለሳችሁ፤ ኩሬውን ማን ይመልሰዋል?» አልኳቸው።

በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።

ተሳስታችኋል አልልም። አንድ ይሁኑ ሁለት እኔም አላውቅም። አልኮል ውስጥ የገባ ሁሉ ቀለሙ ይለቃል፣ ይኮማተራል። እዚያ ውስጥ ማን ከማን ይለያል? የእንቁላላቸው ከረጢት ግን ሊለያቸው ይችላል። የወንዙን ሳላማንደሮች እንቁላል አይተናል። የኩሬው ሳላማንደሮች በቅርቡ ስለተገኙ እንቁላላቸውን ያየ የለም፤ የሚጥሉትም በየካቲት ነው። ታኅሣሥ ላይ ቆመን የካቲትን መጠበቅ ይህን ያህል ይከብዳል?

ብልቃጦቹ ከሁለቱ መደርደሪያዎች መሀል፣ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ከነገ ጀምሮ እኔ የለሁም። ፊርማው የእርስዎ ነው፣ ዶክተር።

በሉ፣ ጤና ይስጣችሁ። ዓይናችሁ አይድከም፤ የደከማችሁበት ሥራ ፍሬውን ያሳያችሁ። አብራችሁ የምትስቁበት ቀን ይብዛ። ለእኔ ደግሞ አንድ ነገር ተመኙልኝ፦ በየካቲት ቦት ጫማዬን አጥልቄ ስወርድ፣ ኩሬው ውሃ እንደያዘ ልድረስበት።