በዘይቱና ስም የተሰጠ ናሙና

ባለፈው ግንቦት ሳይንስ ከማስተምርበት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ግራ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ሼህ አብዱልወሀብ ይባላሉ፤ የቢስቲማ ገበሬ ናቸው፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ ልጃቸው ዘንድ ሰንብተዋል። ደሴ ስንደርስ ደግፌ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ካለ ክሊኒክ አደረስኳቸው።

ነርሷ ቁስሉን አጥባ ስትጨርስ ፊርደውስ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ቀረበች።

«አሰላሙ ዐለይኩም አባባ። ፈቃድዎ ከሆነ ከቁስልዎ ጥቂት በጥጥ ወስጄ ላጥና።»

«ወዐለይኩም ሰላም። የሰው መግል ምን ያደርግልሻል ልጄ?»

«ባክቴሪያዎች ቁስል ውስጥ ተሰብስበው እንደ ንፍጥ ያለ ሽፋን ይሠራሉ፤ መድኃኒት ያንን ማለፍ ያቅተዋል። እኛ ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ የሚያንሱ የብር ማዕድን ቅንጣቶች ሽፋኑን ሰብረው ባክቴሪያውን ያስወግዱ እንደሆነ በላብራቶሪ እንሞክራለን። ናኖ ቴክኖሎጂ ይባላል።»

«በእኔ እግር ልትሞክሪው?»

«የለም። ለሰው እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይቀረዋል፤ ላይሳካም ይችላል።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ። ከገላ የወጣ ነገር ይቀበራል እንጂ ለባዳ አይሰጥም፤ ያደግንበት ነው።»

«መብትዎ ነው፤ ሕክምናዎ አይጓደልብዎትም። ከዚህ በፊትስ እንዲህ የጠየቀዎት ነበር?»

ሽማግሌው ከእግራቸው የተፈታውን ጨርቅ አጣጠፉ።

«ባለቤቴን፣ ዘይቱናን፣ አላህ ይርሓማት። አምና ማጭድ እጇን ቆረጣት። ሐኪሙ የሚሠራላትን መድኃኒት ለማወቅ ከቁስሉ ልውሰድ ቢል፣ ይህንኑ ተናግሬ ይዣት ወጣሁ። ቅጠል ቀጥቅጬ፣ አመድ ነስንሼ አሰርኩላት። ‹እንመለስ› ትለኝ ነበር፤ ‹ነገ ይሻልሻል› እላት ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቀበርናት።»

እኔም አንገቴን ደፋሁ። ሃያ ዓመት ስለ ባክቴሪያ ሳስተምር፣ ትምህርቱን ከክፍል አውጥቼ ለአንድ የገበያ ቀን ሕዝብ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

ፊርደውስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቅድም ሳልነግርዎት ቀረሁ፤ ናሙናው ለሁለት ነገር ይሆናል አባባ» አለች። «አንዱ ለሐኪምዎ፣ ትክክለኛውን መድኃኒት እንዲያዝልዎት። ሌላው ለጥናቱ፣ ከእርስዎ በኋላ ለሚታመም ሰው።»

«ለማላውቀው ሰው ከሆነማ ሰደቃ ነው። ለዘይቱና ብዬ ብነይተው ምንዳው ይደርሳት ይሆን?»

«እሱን አላህ ያውቃል። ንያው፣ ሐሳብዎ ግን መልካም ነው።»

እግራቸውን ዘረጉላት።

በምርመራው ውጤት ሐኪሙ መድኃኒታቸውን ቀየረ፤ ቁስሉ ሐምሌ ላይ ደረቀ። የፊርደውስ ጥናት ገና አላለቀም። ሼህ አብዱልወሀብ ግን ዛሬ ቢስቲማ ገበያ ላይ የቆሰለ ሰው ባዩ ቁጥር ያስቆሙታል። ቁስልን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ አመድ አለማስነካት፣ ፈጥኖ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ የታዘዘውን መድኃኒት መጨረስ፣ ናሙና ሲጠየቁም አለመከልከል እንደሚገባ ያስረዱታል። ሲጨርሱም እንዲህ ይላሉ፦

«እኔ በሰው ሕይወት ተማርኩ፤ አንተ በቃል ተማር።»