ሳይፈተኑ መፈተሽ

የሰፈራችንን አንጋፋ ግንበኛ ሰው ሁሉ አባ ኳኳ ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ግድግዳን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው ጤንነቱን ስለሚናገሩ ነው። ቤት የሚገዛ ሰው ከመዋዋሉ በፊት እርሳቸውን ይጠራል፤ እርሳቸውም አንኳኩተው «ግዛ» ወይም «ተወው» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የማጠናከሪያ ትምህርት አስተምሬ ስመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን። የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል።

«መምህር፣ እንኳን አገኘሁህ!» አሉኝ። «ልጄ ቤት ልትገዛ ነው። ና አብረን እንሂድ፤ ደስታዬን የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ቤቱን አይተውታል?»

«ትናንት አንኳኩቼው 'ግዢ' ብያታለሁ። ዛሬ የምንሄደው ለወጉ ነው።»

ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን በቅርብ የወለደች ናት። ስንደርስ ሕፃኗን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች፤ ፊቷ ግን ጥፋት እንደሠራ ሰው ፊት ነው። ከኋላዋ ኮሪደሩ ውስጥ መሰላል ቆሟል፤ መሰላሉ ላይ ቱታ የለበሰች ወጣት ሴት የእጅ ባትሪ ይዛ ኮርኒሱን ትመለከታለች።

«አባዬ፣ እንዳትቆጣኝ። የቤት ፍተሻ ባለሙያ ጠርቻለሁ።»

«እኔ በሕይወት እያለሁ?» አሉ አባ ኳኳ። ከዚያም ወደ መሰላሉ ቀና ብለው፣ «ለመሆኑ አንቺ ስንት ቤት ሠርተሻል?» ሲሉ ጠየቁ።

«አንድም አልሠራሁም፣ አባባ። የተማርኩት ፍተሻ ነው።»

«ራስ ሳይጠና ጉተና አሉ! ያልሠሩትን መፈተሽ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።»

ወጣቷ ወርዳ እጅ ነሳቻቸው። «የእርስዎን ሙያ ለመንቀፍ አልመጣሁም። ግን ልጠይቅዎ፤ ቤት ሲያዩ ከየት ይጀምራሉ?»

«ዓይኔ ካረፈበት።»

«እኔ ሁልጊዜ ከጣሪያ ጀምሬ መሠረቱ ላይ እጨርሳለሁ። ቢደክመኝም፣ ሻጩ ቢያጣድፈኝም፣ ቤቱ የወዳጄ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። ደንባችን ነው። ዓይኔ ያረፈበትን ብቻ ባይ፣ ሰው የሚጎዳው ባላረፈበት በኩል ሊሆን ይችላል።»

እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ ሽማግሌው አዘንብሎ ነበር። ወረቀት ይዘው ሥራ የማያውቁ ስንት አይቻለሁ! ስለዚህ፣ «የምስክር ወረቀት ብቻውን ባለሙያ ያደርጋል?» አልኳት።

«አያደርግም፣ መምህር። ለዚህ ነው ክፍል ውስጥ ተምረን ከተፈተንን በኋላ ከነባር ባለሙያ ሥር ሆነን የምንሠራው። ፈቃድ ካገኘን ወዲያም በየጊዜው ሥልጠና እንገባለን፤ ቤት የሚሠራበት ዕቃ ይለወጣላ!»

አባ ኳኳ አላስጨረሷትም። ወደ ደረጃው ወሰዱንና ግድግዳው ላይ ያለች ቀጭን ስንጥቅ አሳዩአት። «ይቺ ምንድን ናት?»

ባትሪዋን አብርታ ብዙ ቆየች። «የልስን ስንጥቅ ትመስላለች፤ ግን መሠረቱ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ አላውቅም። እኔ የተማርኩት ይህን ለመፍረድ አይበቃም። 'የሕንፃ መሐንዲስ ይየው' ብዬ እጽፋለሁ።»

ሽማግሌው አጨበጨቡ። «ሰማህ መምህር? 'አላውቅም' ለማለት ትምህርት ቤት ተገባ! ልስን ነው ልጄ። እኔ አሁኑኑ እጠግነዋለሁ።»

«ሌላው ደንባችን እዚህ ላይ ይመጣል» አለች በትሕትና። «የፈተሽኩትን ቤት እኔው አልጠግንም። ፈታሹም ጠጋኙም አንድ ሰው ከሆነ፣ ሥራ የጠፋ ቀን ስንጥቁ ይበዛል፣ ሥራ የበዛ ቀን ስንጥቁ ይጠፋል።»

«ሌባ ነህ ልትይኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ደንቡ የወጣው ሰው ስለሆንን ነው።»

አባ ኳኳ መልሱን አልወደዱትም። እርሷም ሥራዋን ቀጠለች። ወጥ ቤት ገብታ የሞቀ ውሃ ከፈተች፤ ከመኝታ ቤቱ ጎን ባለችው ዕቃ ቤት ውስጥ በጋዝ የሚሠራው የውሃ ማሞቂያ ቦግ ብሎ ነደደ። ከዚያ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ይዛ መኝታ ቤቱ ገባችና በሩን ዘጋች። ጥቂት ቆይቶ መሣሪያው መጮኽ ጀመረ። በሩን በርግዳ ወጣች።

«ሕፃኗን ይዛችሁ ውጡ! ሁላችሁም!»

ጋዙን ዘግታ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፋፍታ ተከተለችን። ቤቱ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ተመልሳ ኮርኒሱ ውስጥ ገባችና አባ ኳኳን ጠራቻቸው። ሽማግሌው መሰላሉን ወጥተው አንገታቸውን አስገቡ። የማሞቂያው ጭስ ማውጫ ቱቦ ከመገጣጠሚያው ተላቆ አፉን ከመኝታ ቤቱ በላይ ከፍቷል፤ እንጨቱ ጠቁሯል። አይተው ወረዱ።

«ምንም አልሸተተኝም» አሉ።

«ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የጭሱ መርዝ አይሸትም፣ አባባ። አይታይም፣ ድምፅም የለው። በር ዘግቶ የተኛ ሰው እንደተኛ ይቀራል።»

ልጃቸው ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «የእሷን አልጋ የምዘረጋው እዚያ ነበር» አለች።

አባ ኳኳ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ግትርነት ግን ባንዴ አይለቅም፤ «ይህን ያወቀው መሣሪያሽ ነው እንጂ ትምህርትሽ አይደለም» አሉ።

«መሣሪያውንማ ማንም ከገበያ ያገኘዋል። ማሞቂያው እየነደደ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሰው በሚተኛበት ክፍል ካልያዙት ግን ላይጮኽ ይችላል። የት እንደምይዘው ያሳዩኝ ያስተማሩኝ ናቸው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ?»

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ትናንት 'ግዢ' ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሏት። እርሷም አጠገባቸው ተቀምጣ ሕፃኗን ጉልበታቸው ላይ አኖረችላቸው።

ሻጩ ቱቦውን በጋዝ ባለሙያ አሠራ፤ ወጣቷም ተመልሳ መጥታ እንደገና ለካችው። ስንጥቁንም መሐንዲስ አየውና ልስን መሆኑ ተረጋገጠ። አባ ኳኳ ይህን ለሰፈሩ ሁሉ አውርተው አልጠገቡም፤ ወሬውን ግን ሁልጊዜ፣ «ልጅቷም ብትሆን በማታውቀው አልፈረደችም» ብለው ነው የሚጨርሱት።

ብዙም ሳይቆዩ አባ ኳኳ ራሳቸው ወጣቷ የተማረችበት የቤት ፍተሻ ማሠልጠኛ ሄደው ተመዘገቡ። የልጅ ልጆቻቸው ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ተቀምጠው ተማሩ። የኤሌክትሪኩ ትምህርት አበሳቸውን አሳያቸው፤ በመጀመሪያው ፈተና ወደቁ፣ ተናደዱ፣ ተመልሰው አለፉ። ስለ ግንብ ግን መምህራኑ ራሳቸው ይጠይቋቸው ነበር። ከነባር ባለሙያ ሥር ሠርተውም የፈታሽነት ፈቃዳቸውን አገኙ።

ዛሬ በሰፈራችን ቤት የሚገዛ ሰው የሚገባበትን አውቆ ይገባል። ቤቱን በደንብ የያዘ ሻጭም በከንቱ አይጠረጠርም። ግንበኞቹም ቢሆኑ ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ የሚያይ ዓይን እንዳለ ስለሚያውቁ፣ የተሸፈነውንም እንደሚታየው አሳምረው መሥራት ጀምረዋል።

ሰሞኑን የድሮ ጓዶቻቸው ከበዋቸው፣ «አባ ኳኳ፣ በእርጅናዎ ተቀምጠው እንደ መብላት ምን ለፈተና ዳረግዎ?» ብለው ሲቀልዱባቸው ሰማሁ።

ሽማግሌው አልሳቁም።

«ሰው የእኔን ቃል አምኖ ልጁን ያስተኛና መብራት ያጠፋል» አሉ። «ይህን የሚያህል እምነት ሳልፈተን መቀበል ነውር ሆነብኝ።»