ባዶውን የማይመለስ ሳህን

ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ነው የምወጣው። መንገዱ ባዶ ስለሚሆን «ሥራ አገኘህ ወይ?» የሚለኝ የለም። ሁለተኛ ደረጃን ከጨረስኩ ወዲህ የሰፈራችን ሰላምታ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ጥያቄ ላይ ያርፋል። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንዲሁ በሐሳብ ተውጬ ስሄድ ዝናቡ በረዶ ቀላቀለና፣ ሳላስበው የሰዓት ሠሪው ሱቅ ታዛ ሥር ገባሁ።

«ግባ እንጂ ልጄ» አሉኝ ከውስጥ። «በረዶው አናትህን ቢልህ የተማርከው ሁሉ ይረግፍብሃል።»

ሰዓት ሠሪው የሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው፤ እሳቸው ያሉት ሳይሆን የቀረበት ስብሰባ አይታወስም። ሱቃቸው ከቁም ሣጥን ብዙም አይሰፋም። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች አንዱ ከሌላው አይስማማም፤ እሳቸውም «እነዚህ ምክር ቤት ናቸው፤ እኔ የማምነው ይህችን ነው» እያሉ የእጃቸውን ያሳያሉ። በዚያ ቀን ግን መቆንጠጫውንም ማጉያ መነጽሩንም አስቀምጠው፣ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ጭናቸው ላይ ይዘው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቁ ነበር።

ሳህኑ ለማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከሱቃቸው ጀርባ፣ ግድግዳ ለግድግዳ፣ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ብቻዋን ትኖራለች። እኔ እትዬ ነው የምላት። ሽማግሌው በየሳምንቱ ዓርብ ልጃቸው ካበሰለችው ቀንሰው ይወስዱላታል። በሰፈራችን ደግሞ ሞልቶ የሄደ ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ነውር ነው። ስለዚህ እሷም እንቁላል ቢሆን፣ እፍኝ ምስር ቢሆን አድርጋበት ትመልሳለች። ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል።

«ያለፈው ሳምንቱ ብቻ አልተመለሰም» አሉ። «ሥራ በዝቶባት ይሆናል። ግን እኮ የስፌት መኪናዋ ድምፅም ሰሞኑን አይሰማኝም፤ ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቶ ካልሆነ።»

ከዚያ ወሬው ወደ ነገው ስብሰባ ዞረ። በሰፈራችን አንድ የተዘጋ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። አንዲት ጡረተኛ ነርስ እዚያ ውስጥ የምግብ ባንክ ከከፈተች ቆይታለች፤ ከዳቦ ቤት ያደረ ዳቦ፣ ከነጋዴ ዱቄትና ዘይት እየለመነች ሰብስባ ለተቸገረ ታከፋፍላለች። አሁን ማዘጋጃ ቤቱ የቤቱን ኪራይ ሊከፍል፣ ማቀዝቀዣና የጭነት መኪና ሊሰጥ፣ በየወሩም ከበጀቱ እህል ገዝቶ ሊያስገባ ሐሳብ አቅርቧል። ነዋሪው ግን መስማማት አለበት። ነገ ካልተስማማ በጀቱ ለሌላ ሰፈር ይሄዳል፤ የነርሷም ባንክ፣ ዝናቡ ከገባ ወዲህ የሚሰጥ ጠፍቶ መደርደሪያው ስለተራቆተ፣ መዘጋቱ ነው። ሽማግሌው እንደማይስማሙ ደግሞ አገር ያውቃል።

«ባንክ ማለት» አሉኝ እየሳቁ፣ «ያስቀመጠ ሰው የሚያወጣበት ነው። ያላስቀመጠ ምን ያወጣል?»

እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው በረዶ ድምፄን ስለሸፈነልኝ ነው መሰል ደፈርኩ።

«አባባ፣ ሱቁን ከከፈቱ ጀምሮ ግብር ከፍለው ያውቃሉ?»

«ከፍዬ አውቃለሁ ወይ? ከፍዬ መች ጨረስኩና!»

«ታዲያ እሱ ማስቀመጥ አይደለም? እትዬስ ከሰፋችው ልብስ ሁሉ ስትከፍል ኖራ የለም? ያስቀመጠችውን ብታወጣ በምን ሂሳብ ነው ልመና የሚሆነው?»

በዚህ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። የመንግሥት ዕቃ ሌባ ይወዳል አሉ፤ በነፃ መብላት የለመደ እጅ ሥራ ይረሳል አሉ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መንግሥት ማብላት የጀመረ ቀን ጎረቤት «መንግሥት አለልህ» ብሎ በሩን ይዘጋል አሉ። ለሌባው መልስ ነበረኝ፤ የመጋዘኑ አንዱ ቁልፍ በነርሷ፣ ሌላው በማኅበሩ እጅ ይሁን አልኩ። ስለ እጁም፣ እዚያ የሚሰለፉት ሲሠሩ ኖረው ወገባቸው የተቆረጠ ሸክም ተሸካሚዎችና ጧሪ ያጡ እናቶች መሆናቸውን ነገርኳቸው። ለሦስተኛው ግን ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። እውነት አለበት።

«የቆመ ሰዓት ሲነቀንቁት ይሄዳል አይደል?» አልኳቸው ዞር ብዬ።

«ለትንሽ።»

«የነርሷ ባንክ እንደዚያ ነው። የሰው ልብ ሲነካ ይሄዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይቆማል። ሆድ ግን ቀጠሮ አይሰጥም አባባ። የሰው ደግነት ይኑር፤ ግን ማንም ሳይነቀንቀው በየቀኑ የሚገፋ ሞላ ያስፈልገዋል።»

ፈገግ አሉ። «ሞላም ከልክ በላይ ከጠመዘዙት ይበጠሳል፤ ይህን ትምህርት ቤት አልነገሩህም?» ከዚያ ፊታቸው ጠነከረ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። እዚህ ሰፈር ጎረቤቱን የሚያስርብ የለም። ማን ነው የተራበው? እስቲ አንድ ሰው ጥራልኝ።»

«እኔ» አልኳቸው።

በረዶው ቆሞ ነበር መሰለኝ፤ ሰዓቶቹ ሁሉ ይሰሙኝ ጀመር።

«እኔና እናቴ ከነርሷ ዳቦ እየወሰድን ነው የቆየነው። አሁን እሱም የለም።»

«ለምን አልነገርከኝም?» ድምፃቸው ወርዶ ነበር። «እዚሁ አጠገብህ አይደለሁም እንዴ?»

«ብነግርዎት ሳህን ይልኩልን ነበር። እናቴ ምን አድርጋበት ትመልሰዋለች?»

ጭናቸው ላይ ያለውን ሳህን አዩት። ይዘውት ተነሡና በጓሮ በኩል ወደ እትዬ ቤት መራመድ ጀመሩ። ለምን እንደተከተልኳቸው አላውቅም።

በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ልብስ በማጠብ የምትተዳደር ጎረቤቷ የእትዬን ሹራብና ፎጣ ላስቲክ ውስጥ ታስገባ ነበር። ጠዋት ደጃፏ ላይ ወድቃ እንዳገኘቻትና ጤና ጣቢያ እንዳደረሰቻት ነገረችን። ሽማግሌው ግን የሚሰሙ አይመስሉም። የስፌት መኪናው ይቆምበት ከነበረው መስኮት ሥር የአራት እግሮቹ ምልክት ብቻ ወለሉ ላይ ቀርቷል። መደርደሪያውም ባዶ ነው፤ ያለፈው ሳምንት ሳህን ብቻ ታጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጦበታል።

«መኪናውን ከሸጠችው ወር አልፎታል» አለች አጣቢዋ። «እንቁላል ስትገዛ አያት ነበር፤ እኔ ለራሷ መስሎኝ።»

ሽማግሌው ይዘውት የመጡትን ሳህን ከታጠበው አጠገብ አስቀመጡት። የተሸፈነበት ጨርቅ በእንፋሎት ረጥቦ ነበር።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ከመጨረሻው አልጋ ላይ አገኘናት። ሐኪሙ በሽታው ረሃብ ነው አላለንም፤ ሰውነቷ የሚቋቋምበት ነገር እንዳጣ፣ ሳንባዋም እንደተጎዳ ነው የነገረን። እትዬ ሽማግሌውን ስታይ ለመነሣት ሞከረች።

«ጋሼ፣ ሳህንዎን አስቀረሁብዎ።»

«ሳህኑ ይቅር እህቴ፤ ተኚ።»

«ቤት ውስጥ ዞሬ ዞሬ ምንም አጣሁ። ባዶውን እንዴት ልስጥዎ? በር ሲያንኳኩ ሰምቼ እንኳ ዝም ብያለሁ፤ አይቀየሙኝ።»

ሽማግሌው አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ የምትመልሺልኝ…»

«የላኩልኝን እበላለሁ፤ ከዚያ የምሞላበትን ሳስብ እሰነብታለሁ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ምግብዎ ይጣፍጣል ጋሼ። ግን ውድ ነው።»

ወደ ነርሷ ያልሄደችው ለምን እንደሆነ ጠየቋት።

«ሄጄ ነበር። ባዶ ነው። ሰው ደስ ሲለው ይሰጣል፤ በዚህ ክረምት ማን ደስ ይለዋል? እዚያ ስወስድ ግን አልሳቀቅም ነበር። የሰጠኝን ሰው አላውቀውማ። የእርስዎን ፊት በየቀኑ ነው የማየው።»

ይሉኝታ የሚያስከብር ነገር ነው እየተባልን አድገናል። ያን ቀን ግን ይሉኝታ ከረሃብ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ አየሁት።

በማግሥቱ ስብሰባው ላይ ሽማግሌው እንደ ወትሯቸው ረጅም ንግግር አላደረጉም። የማንንም ስም ሳይጠሩ፣ «የማበላ መስሎኝ ስበላ ኖሬአለሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ የአንድ ሰው ደግነት አንዱን ሰው ባለዕዳ እንደሚያደርግ፣ ከሁሉም ተሰብስቦ በመንግሥት እጅ የሚመጣው ግን ማንንም የማንም ባለዕዳ እንደማያደርግ ተናገሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው እጃቸውን ቀድመው አወጡ። ቤቱም ተከተላቸው። አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፤ ምግቡ በወረቀት ከረጢት ይሰጥ፣ የሚመለስ ዕቃ አይኑር።

የመጀመሪያው የጭነት መኪና ከመድረሱ በፊት እትዬ አረፈች። ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ የተሸከምነው በጣም ቀላል ነበር፣ ለዚህም ይመስለኛል ማናችንም ቀና ብለን ያልተያየነው።

ዛሬ የእንጨት ሥራ ቤቱ መደርደሪያ በክረምትም በበጋም ሙሉ ነው። ገበሬው ትርፍ ምርቱን የሚገዛው አግኝቷል፤ ነጋዴውም ሊበላሽበት የደረሰውን ከመጣል ይልቅ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያስገባል። ልጆች ጠግበው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የስፌት መኪናቸውን፣ መጋዛቸውን፣ መዶሻቸውን ለዳቦ ይሸጡ የነበሩ ሰዎች መሣሪያቸው እጃቸው ላይ ስለቆየ ሥራቸውን አልተዉም። እኔም ከመኪናው ላይ ጆንያ አወርዳለሁ፤ «ሥራ አገኘህ ወይ?» የሚለኝ ሰው ቀንሷል። ለዚያ መልስ ላጣሁለት ለሦስተኛው ነገር፣ ጎረቤት በሩን ይዘጋል ላሉት፣ መልሱን የሰጡኝ ራሳቸው ሽማግሌው ናቸው። ዓርብ ዓርብ ሱቃቸውን ቀደም ብለው ዘግተው ብቻውን የሚኖር ሰው ቤት ይሄዳሉ፤ ባዶ እጃቸውን። ቁጭ ብለው ይጫወታሉ፣ የቆመ ሰዓት ካለም ይነካካሉ። በር የሚከፈትላቸውም ያለ ጭንቀት ነው።

ባንኩ በማዘጋጃ ቤቱ እህል እንደገና በተከፈተበት ሳምንት የማኅበሩን ቁልፍ የያዙት እሳቸው ስለነበሩ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። እናቴ መጣች። የወሰደችበትን ከረጢት ሁለት እንቁላል አድርጋበት፣ አፉን በጥንቃቄ አጥፋ ይዛዋለች። ከየት እንዳመጣችው ዛሬም አልነገረችኝም።

ሽማግሌው ከረጢቱን ተቀብለው ውስጡን አዩ። ከዚያ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አውጥተው መዳፏ ላይ አስቀመጡና ጣቶቿን በገዛ እጃቸው አጠፉላት።

«እህቴ» አሏት፣ «ቤትሽ ወስደሽ ብያቸው። ለእኔ ስትዪ።»