በአሥራ ሁለት መልክ የተፈለገችው ፀሐይ

የምስክር ቃል መቀበያ
ምስክር፦ ስማቸው ከማኅደሩ ጋር ተያይዟል፤ በሥራ ቦታ «እትዬ ካርድ» ይባላሉ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ የቤተ መጻሕፍት መዝጋቢ
አድራሻ፦ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ሁለተኛው ቅያስ
ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ፣ ግንቦት 14፣ ከጠዋቱ 4፡20

ተጠርጣሪዋን የዶክትሬት ተማሪ በአንባቢነቷ አውቃታለሁ፤ ዝምድናም ጠብም የለንም። ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ፣ ዋቢ መጻሕፍት የሚያደራጅላትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከኦንላይን ካታሎጋችን ጋር እንዳገናኝላት ጠየቀችኝ። ከተገናኘ የመጽሐፉ ርእስ፣ ደራሲና ዓመት ራሱ ይገባላታል፤ በእጅ መልቀም ቀረ ማለት ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለት መጽሐፍ አላት፤ ጽሑፏን የምታስረክበው ደግሞ ነገ ዓርብ ጠዋት ነው። የማገናኛውን አድራሻ ሰጠኋት። ለጠየቀ ሁሉ የሚሰጥ ነው፤ ቅጽ ማስሞላት ግን ነበረብኝ፣ አላስሞላኋትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይመዝገብልኝ።

ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ «እትዬ፣ መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ እያየሁት ካታሎጉ የለም ይለኛል» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ካታሎጉን በየጊዜው የሠራነው አራት መዝጋቢዎች ነን፤ አንዱ «ፀሐይ» ሲል ሌላው «ጸሀይ» ይላል፣ ሁላችንም ትክክል ነን ባዮች ነን። ለጆሮ አንድ ነው፤ ማሽን ግን ጆሮ የለውም። ስለዚህ «በሁሉም ፊደል ሞክሪው፣ ልጄ» አልኳት። እሷም ቃሌን አክብራ፣ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ርእስ በሚቻለው አጻጻፍ ሁሉ እንዲጠይቅ አዘዘችው። «ፀሐይ» ብቻዋን አሥራ ሁለት መልክ አላት፤ «ዓለም» ከተጨመረባት አርባ ስምንት። ይህን ያወቅሁት ዛሬ ጠዋት ቁጭ ብዬ ቆጥሬ ነው።

ትናንት ረቡዕ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ካታሎጉ ቀጥ አለ። የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊው ከአንድ ኮምፒውተር አሥራ አንድ ሺህ ጥያቄ መግባቱን አይቶ «ተዘረፍን!» ብሎ ጮኸ፣ ለፖሊስም ደወለ። የልጅቷ ኮምፒውተር በኤግዚቢትነት ተያዘ። የዓመታት ሥራዋ እዚያው ውስጥ ስለሆነ በራፉ ላይ ቆማ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው።

ምን ተሰረቀ ተብዬ ተጠይቄ፣ ምንም ብያለሁ። ካታሎግ የመጽሐፍ አድራሻ ነው፤ አድራሻ መጠየቅ ወንጀል ከሆነ መንገደኛ ሁሉ ይታሰር። እንዲያውም ፕሮግራሙ ጠፉ ያልናቸውን ስልሳ ሦስት መጻሕፍት በሌላ ፊደል ተመዝግበው አግኝቷቸዋል። ትናንት ከሰዓት፣ ልጅቷ ኮምፒውተሯ ከመያዙ በፊት ያተመችውን ዝርዝር ይዤ፣ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ዞሬ አንድ በአንድ በእጄ ነካኋቸው። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እልል ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

ዝርዝሩን ዛሬ እዚሁ ጣቢያ ኮሪደር ላይ ለከሳሹ ኃላፊ አሳየሁት። አሥራ ሰባተኛው ላይ ጣቱ ቆመ። ያንን መጽሐፍ አልመለስክም ብዬ ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም እንዳይዋስ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ለካ መልሶት ኖሯል፤ እኔው ተቀብዬ በሌላ ፊደል እንደ አዲስ መዝግቤዋለሁ። «እትዬ፣ መልሼአለሁ ብዬ ምዬልሽ ነበር እኮ!» አለኝ። በጣም አፈርኩ፣ ይቅርታም ጠየቅሁት። እሱ ግን ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው አቤቱታውን ማንሳቱን በጽሑፍ ሰጥቷል። ስለዚህ ኮምፒውተሯ ዛሬውኑ ይመለስላት። ምርመራው ይቀጥላል ከተባለ ደግሞ እኔን ጠይቁ፤ እሷ ሥራ አለባት።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያልኩት ሁሉ አለበት፣ ያላልኩት አልገባበትም፤ እውነት ስለመሆኑ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ ________
የመርማሪ ፊርማ ________

ኤግዚቢት የነበረውን ኮምፒውተሬን ከቀኑ 6፡05 ላይ ተረክቤ፣ ከእትዬ ጋር ወጥቻለሁ።
የተማሪዋ ፊርማ ________