ካርኖሳውር በአንድምታ

በእኛ ጊዜማ ልጆቼ፣ በደርግ ዘመን፣ ከመጽሐፉ ወጥቶ ማስተማር እሳት መጨበጥ ነበር! እኔ እዚሁ ጎንደር ባዮሎጂ አስተምር ነበር፤ ታዲያ የመማሪያ መጽሐፋችን ያን ጥንት የጠፋውን ዳይኖሰር፣ ግዙፍና ሥጋ በል የሆነውን ሁሉ ሰብስቦ ካርኖሳውር በሚባል አንድ ቤት አጉሮታል። እና አንድ ህንዳዊ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ መጽሔት ተወልኝ፤ ባነበው ምን ይላል? «በትልቅነት ዝምድና አይቆጠርም! አጥንቱ ሲታይ ቲራኖሳውር የሚሉት ያ ትልቁ አውሬ የነዚያ የትናንሾቹ ዳይኖሰሮች፣ የወፍ ዘመዶቹ ወገን ነው» አይል መሰላችሁ! ደስታዬን በምን ልንገራችሁ! በነጋታው ክፍል ገብቼ ዘረገፍኩት።

ወሬው የትምህርት ቤቱ ካድሬ ጆሮ ገባ። መምህራኑን ሁሉ ሰብስቦ መሀል አቆመኝ።

«መንግሥት ያሳተመውን መጽሐፍ ተሳስቷል ብለሻል! ይህ ሻጥር ነው!» አለ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ።

ሻጥር ከተባልሽ ደግሞ ያን ጊዜ ወይ ከሥራ መባረር ነው፣ ወይ እስር ነው። ፈራሁ ልጆቼ።

ታዲያ አባቴ የአንድምታ መምህር ነበሩ። እሳቸው ቅዱስ መጽሐፍ ሲተረጉሙ የፊተኛውን ትርጓሜ አይፍቁም፤ «አንድም» እያሉ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ከጎኑ ያስቀምጣሉ እንጂ። እና ጨንቆኝ ቆሜ ሳለ የአባቴ ወግ ከአፌ መጣ።

«ጓድ፣ መጽሐፉ አልተሳሳተም። ካርኖሳውር ብሎ አንድ ያደረጋቸው ግዝፈታቸውን፣ ሥጋ በልነታቸውን አይቶ ነው። አንድም፣ አጥንታቸውን የመረመሩ ሊቃውንት ቲራኖሳውርን ለይተው ወደ ትናንሾቹ አስጠግተውታል» አልኩ።

ካድሬው ለካ በቆሎ ተማሪነት ያደገ የደብር ልጅ ኖሯል! አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝና፣

«እሺ፣ ሦስተኛውስ? አንድም በይ እንጂ!» አይለኝ መሰላችሁ!

ሃይማኖት ኋላ ቀር ነው እያለ ሲሰብከን የከረመ ሰው እኮ ነው! ማን ደፍሮ ይሳቅ? መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ነው፤ ከዚያማ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ!

እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ፣ «በይ ሁለቱንም አስተምሪ። ግን በፈተና የቱ ነው ልክ?» አለኝ።

«መጽሐፉ ያለው ነዋ ጓድ!» አልኩት፤ ተረፍኩ።

(የልጅ ልጃቸው ጣልቃ ገባች፦ «እማማ፣ ዛሬ እኮ በፈተና ልክ የሚባለው ያንቺ መጽሔት ያለው ነው።»)

እሰይ! እሰይ! እልል በሉልኝ! ግን አንቺም ብትሆኚ አትኩሪ፤ አጥንትም ከመሬት ወጥቶ አላለቀም፣ ሊቅም ተወልዶ አላለቀም፤ ሃሃሃ!