በአንድ ቤት የተቀመጠ አደራ

«አደራ አይባዛም! ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«ይኸው አልተባዛም፤ ጠፋ። አሁን ደስ ይበልዎት ጋሼ።»

«አፍሽን ያዢ!»

«እይዛለሁ። ግን ሳጥኑን ከግድግዳው ነቅሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የከተተው ማን እንደሆነ ይንገሩኝና ልያዝ።»

አቶ ተክለወልድና የወንድማቸው ልጅ ፅዮናዊት እንዲህ የሚነታረኩት በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር በሚገኘው የሽማግሌው ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ አንድ ሃርድ ዲስክ ዙሪያ ነበር። በሳምንቱ መጀመሪያ፣ ሙቀቱ በበረታበት ቀን፣ መብራት ሄዶ በድንገት ሲመለስ የአቶ ተክለወልድ አሮጌ ኮምፒውተር ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ አሰምቶ ዝም አለ። ፅዮናዊት ዲስኩን አውጥታ ቡላኦስ ሰፈር ወደሚገኝ ጠጋኝ ወሰደችው። ጠጋኙ ከፍቶ አየና፣ «ውስጡ ተቧጥጧል፤ ከዚህ የሚወጣ ነገር የለም» ብሎ መለሰላት።

የጠፋው ነገር ለሌላ ሰው ተራ ፎቶግራፍ ይመስል ይሆናል። አቶ ተክለወልድ ከባቡር ሠራተኛ አባት ጅቡቲ ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን በፎቶ ቤት ሥራ የፈጁ ሰው ናቸው። ሱቃቸውን ከዘጉ በኋላም ካሜራቸውን አልጣሉም። ከኢትዮጵያ መጥተው በኦቦክ ወደብ በኩል ወደ የመን የሚሻገሩትን ወጣቶች ከቤተ ክርስቲያን ደጅና ከመንገድ እየጠሩ፣ ያለ ዋጋ ያነሷቸዋል፤ ስማቸውንና አገራቸውን ከፎቶው ሥር ይጽፋሉ። «ሰው ቢጠይቅ እኔ ዘንድ አለህ» ይሏቸዋል። ፎቶውን የሚሰጡት ደግሞ የልጁን አባትና አያት ስም ለሚያውቅ የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው። ይህን ሕግ ያወጡት በከንቱ አይደለም። አንድ ጊዜ ወንድም ነኝ ብሎ የመጣ ደላላ ቤተሰብ ሊያስፈራራበት ፎቶ ሊወስድባቸው ሲል ደርሰውበታል። ከዚያ ወዲህ ፎቶዎቹን ከአንድ ኮምፒውተር በቀር የትም አላኖሩም፤ የካሜራውን ካርድ እንኳ ወዲያው ይደመስሱታል።

ጥንቁቅ ሰው የሚሳሳተው ባልጠበቀው በኩል ነው። አቶ ተክለወልድ ሌባን ሲጠብቁ ኖሩ፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታን አልጠበቁም።

በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌውን በፈረንሳይ ወግ «ሙሴ» እያለ የሚጠራው የጎረቤቱ ባለሱቅ ጀላሉዲን አንገቱን አስገባ፤ ከኋላው ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ፀሐይ ያጠቆራት ሴት ቆማለች።

«ሙሴ ተክሌ፣ ጩኸታችሁ እኔ ሱቅ ድረስ መጥቶ ስኳር ሊገዛ ነው! እንግዳ አምጥቻለሁ። ለሰው ብላችሁ ታረቁ።»

ሴትየዋ እጅ ነሣች። ፅዮናዊት ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ውኃ ቀዳችላት።

«ውብነሽ እባላለሁ አባቴ። ከወሎ ነው የመጣሁት፣ ከሐይቅ። ልጄ ሳይሻገር ከዚህ ደውሎልኝ ነበር። 'አንድ ሐበሻ ሽማግሌ ፎቶ አንስተውኛል፤ ካጣችሁኝ እዚያ አለሁ' አለኝ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም።»

አቶ ተክለወልድ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው አነሡ።

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ጫላቸው።»

«አባቱስ?»

«ወሰኑ።»

«የአባቱ አባትስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ይመር። ጫላቸው ወሰኑ ይመር። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው፤ በቅሎ የረገጠችው ነው።»

ከዚህ በላይ የሚጠየቅ አልነበረም። ሽማግሌው መሐረባቸውን አውጥተው ያልላበውን እጃቸውን ጠረጉ።

«ፎቶውን የፈለግሁት ለመታሰቢያ እንዳይመስልዎት» አለች ውብነሽ። «ባሕሩ ማዶ የታሰሩ ልጆች አሉ ይላሉ፤ ጦርነቱ መሐል። የሚያፈላልጉልን ሰዎች አሉ። አራተኛ ክፍል ሳለ የተነሣውን ሳሳያቸው፣ 'እናት፣ በዚህ ሰው አይለይም፣ የአሁን መልኩን አምጪ' አሉኝ። ያ ከሌለ ስሙን እንኳ አይመዘግቡልኝም።»

ፅዮናዊት አጎቷን አየች። አጎቷ ግድግዳውን አዩ። በመጨረሻም የተናገረችው እርሷ ነበረች፤ የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ፣ ለስለስ ባለ ቃል አስረዳቻት። ውብነሽ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዲስክ ትኩር ብላ አየችው።

«ይህች ናት? ልጄ እዚህች ውስጥ ነው ያለው?»

«ነበር» አሉ አቶ ተክለወልድ።

«ጋሼ፣ ሳጥኑን ያውጡት» አለች ፅዮናዊት።

ሳጥን የምትለው እርሷ ራሷ ዓምና ገዝታ ከቤቱ ራውተር ጋር ያገናኘችውን የኔትወርክ ማስቀመጫ ነው። በውስጡ ዲስኮች አሉት፤ ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ፎቶ በገባ ቁጥር ራሱ ኮፒ አድርጎ ይይዛል። ፅዮናዊት ኮምፒውተር ተምራ ወደብ ላይ ባለ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ልጅ ስለሆነች ነገሩ ቀላል መስሏት ነበር። አቶ ተክለወልድ ግን ከወራት በኋላ «በሽቦ የሚሄድ ሁሉ ሰው ያየዋል» የሚል ወሬ ሰሙና ነቅለው፣ በነጠላ ጠቅልለው አስቀመጡት።

ሽማግሌው ሳጥኑን አምጥተው ሲያስረክቧት እንኳ ክርክሩን አልተዉም።

«የተማርሽ ነሽ፤ አልክድም። ግን የደላላን ክፋት የምታውቂው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ? ያለ ወረቀት የሄዱ ልጆች ፊት ነው ይህ። ሁለት ቦታ ከሆነ ሁለት ሌባ ይጠብቀዋል።»

«እውነት ነው። ስለዚህ ሁለት ቁልፍ ይበጅለታል። ይህ ሳጥን ከቤት አይወጣም፤ ከውጭ የሚገባበትን መንገድ ዘግቼዋለሁ። ሰርቆ ተሸክሞት የሚሄድ ሰው ቢኖር እንኳ የይለፍ ቃሉን ካላወቀ የወሰደው ብረት ነው። አሮጌው ኮምፒውተርዎ ግን የሚከፍተው ሁሉ ያየው ነበር። የትኛው ነው የታመነ?»

«አደራ በአንድ እጅ ነው የሚያዝ። አባቶቻችን ያሉት ነው።»

ጀላሉዲን በሩን ተደግፎ ሲያዳምጥ ቆይቶ ሳቅ አለ።

«ሙሴ ተክሌ፣ የሱቄን ትርፍ ቁልፍ እናቴ ዘንድ አስቀምጫለሁ። ታዲያ ሱቄን ለሁለት ሰው ሸጥኩት ማለት ነው?»

«አንተ ዝም በል፤ ያንተ ሱቅ ውስጥ ያለው ሳሙና ነው!»

«ለሳሙና የተጠነቀቅሁትን እርስዎ ለሰው ልጅ አልተጠነቀቁም ማለት ነዋ። የዕለቱ ጫት ወደ ከተማ ሊገባ ነው፤ ገበያተኛ ይመጣል፤ ሱቁን ክፍት ትቼዋለሁ» ብሎ ሄደ።

አቶ ተክለወልድ ጠረጴዛውን ለሳጥኑ አስለቀቁላት። ቀልድ ከምክር ይልቅ የሚወጋበት ጊዜ አለ።

ፅዮናዊት ሳጥኑን ከራውተሩ ጋር አገናኝታ፣ ከሥራ ያመጣችውን ላፕቶፕ ከፈተች። መብራቶቹ ተራ በተራ በሩ። የዓምናው ፎልደር ተከፈተ፤ ፊቶቹ መጡ። አንዳንዶቹ ፈገግ ያሉ፣ አንዳንዶቹ እንደ መታወቂያ ፎቶ የደነገጡ፣ አንዷ ልጅ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ሐብል ያጠለቀች። ውብነሽ ወንበሯን አስጠግታ ከስክሪኑ ጋር ግንባር ለግንባር ሆነች።

«አይደለም» ትላለች። «አይደለም። ይህ የሰው ልጅ ነው፤ እግዜር ለእናቱ ይጠብቅላት። አይደለም።»

ፎቶው እያለፈ፣ እያለፈ ሄዶ ቆመ።

«ቀጥዪ የኔ ልጅ።»

«አለቀ እትዬ ውብነሽ። የመጨረሻው የፋሲካ ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲያ ሳጥኑ ተነቅሏል። ጫላቸው መቼ ነው የደወለልዎት?»

«ዓምና ሐምሌ ነው። የሐምሌ ሥላሴ ማግስት።»

አቶ ተክለወልድ ጠባሳ ያለበትን ልጅ በደንብ ያስታውሱታል። ካሜራው ፊት ሲቆም ጠባሳውን በእጁ ሊሸፍን ሲል፣ «ተወው፣ የሚለይህ እሱ ነው» ብለውት ነበር። ይህን ለእናቱ ሊነግሯት ፈለጉ፤ ምን እንደሚጠቅማት ግን አላወቁም።

«ለሌባ ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሌባ እንዳይወስዳቸው ብዬ እኔው ወሰድኳቸው።»

ፅዮናዊት ልትቆጣ ነበር፤ ከዚያ ቃል በኋላ ግን ቁጣው አልመጣላትም።

«እኔም አለሁበት ጋሼ። ሳጥኑን አስቀምጬ ሄድኩ፤ እየሠራ መሆኑን ተመልሼ አላየሁም። ያልተፈተሸ ኮፒ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው፤ ይህን ተምሬዋለሁ፤ አልሠራሁበትም።»

«እንግዲያው ንገሪኝ» አሉ ሽማግሌው ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብለው። «ከዛሬ ወዲያ የሚመጡት አሉ። እንዴት ነው የሚደረገው? ቀስ ብለሽ።»

ፅዮናዊትም ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። መብራት መጥቶ ሲሄድ ዕቃው እንዳይመታ የኃይል መጠበቂያ መሣሪያ እንደሚያስፈልግ፣ ኮምፒውተሩ ቢሞት ሳጥኑ እንደሚተርፍ፣ ቤቱ ቢቃጠል ወይም ጎርፍ ቢገባው ደግሞ ሌላ ሰፈር ያለ ሁለተኛ ሳጥን እንደሚያድን ነገረቻቸው። ጋቦዴ ሰፈር ያለችው እህቷ ሰብለወርቅ ቦታ ልትሰጥ ፈቅዳለች።

«ማመሳሰል የሚባለው ብቻውን አይበቃም ግን» አለች። «እሱ እንደ መስተዋት ነው። እዚህ በስሕተት የደመሰሱት እዚያም ይደመሰሳል። ስለዚህ የጋቦዴው ሳጥን የቆየውን ሳይነካ፣ አዲሱን ብቻ እየጨመረ እንዲያስቀምጥ አደርገዋለሁ።»

«ተቆልፎ?»

«ተቆልፎ። በኢንተርኔት ሲሄድም እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ በእኔና በእርስዎ እጅ ነው። የአያት ስም መጠየቅዎንም አይተዉ፤ እሱ ሕግ ጥሩ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ ብዙዎቻችን እንደ አቶ ተክለወልድ የምንወደውን ነገር በአንድ ቦታ ደብቀን ስናበቃ ጠበቅነው እንላለን። ዛሬ በየቤቱ የልጅ ፎቶ፣ የሟች ድምፅ፣ የርስት ወረቀት በአንድ ኮምፒውተር ተቀምጦ አንድ ቀን መብራት እስኪሄድ ይጠብቃል። ኮፒ ማድረግ አደራን ማቃለል አይደለም፤ አደራ ተቀባዩ ራሱ ሟች፣ ዕቃውም ሰባሪ እንዳለው ማመን ነው። ይህን ሳይጠፋበት የሚያምን ሰው ጥቂት ነው፤ ከጠፋበት በኋላ ያላመነ ግን የለም።

አቶ ተክለወልድ መነጽራቸውን አድርገው ገመዱ የቱ ጋ እንደሚሰካ ራሳቸው ሞከሩ።

«እዚህ ነው?»

«ከታች ያለው ጋሼ። ይኸው፣ አረንጓዴው በራ።»

«የጋቦዴው በየስንት ጊዜው ነው የሚታደሰው?»

«በየቀኑ። እኔም በየወሩ እየመጣሁ ከፍቼ አያለሁ።»

«በየሳምንቱ ነይ» አሉ። «በየወሩ ሩቅ ነው።»

ውብነሽ ያልጠጣችውን ውኃ ከወንበሩ ሥር፣ እግር እንዳይመታው ወደ ግድግዳው አስጠግታ አስቀመጠች። ሻሿን አጥብቃ፣ ፌስታሏን አንሥታ፣ በሩን እንዳይጮህ በእጇ ይዛ ወጣች። መንገዱ ላይ ጥላ አልነበረም፤ በየትኛው በኩል እንደመጣች ለማስታወስ ጥቂት ቆመችና ወደ ወደቡ አቅጣጫ ሄደች። በቤቱ ውስጥ አቶ ተክለወልድ ሁለተኛውን ገመድ እየጠየቁ ነበር።